ዶሮ ማነቂያ የተቀበላቸው እንግዶች

ከውጭ አገር ለአጭር ጊዜ ሚሽን መጥተው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ይጽፋሉ። በቤተ ክርስቲያናቸው ይመሰክራሉ፣ ፎቶ ያሳያሉ፣ ሕይወታቸው እንደተለወጠ ይናገራሉ። የተቀበሏቸው ሰዎች ግን ብዙም አይጽፉም። ቦሌ ቆሞ የጠበቃቸው፣ ያስተረጎመላቸው፣ ሆዳቸውን ሲያማቸው በሌሊት ፋርማሲ ፍለጋ የሮጠው ሰው ታሪክ «የአካባቢው ወንድሞችና እህቶች ረድተውናል» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ከዚያ ወገን ነኝ። አገልግሎት የጀመርኩት ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያናችን የሚመጡ ቡድኖችን በመቀበል ነው። ያኔ ስድስት ኪሎ ተማሪ ነበርኩ። እንግሊዝኛዋ ደህና ነው ተብሎ ለአስተርጓሚነት ተመደብኩ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የማምነው አንድ ነገር አለ። ለሚሽን የወጣ ሰው ከማገልገሉ በፊት መስተናገድን መቻል አለበት። የሰው ቤት ገብቶ የተሰጠው ቦታ ላይ መቀመጥ፣ የቀረበለትን መብላት፣ ሲጠየቅ ስለ ራሱ መመለስ አለበት። ቀላል ይመስላል። ብዙ መልካም ሰዎች ሲያቅታቸው አይቻለሁ።

አሁን የማነሳው ቡድን የመጣው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። እነሱ አገር ትምህርት የሚዘጋበት ወቅት ስለሆነ ብዙዎቹ ቡድኖች ያን ሰሞን ይመጣሉ። ለእኛ ደግሞ ክረምት ደጅ ላይ የቆመበት ጊዜ ነው። ሻንጣቸው ብዙ ነበር። የልጆች ልብስ፣ ኳስ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ብስኩት፣ አንድ ሙሉ ሻንጣ ደግሞ መድኃኒት። መድኃኒቱ ቦሌ ቀረ። መድኃኒት ወደ አገር የሚገባው በፈቃድ ነው። የውጭ አገር የጤና ባለሙያም ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ሳያወጣ ማከም አይችልም። ደንቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የእኛ ሰው አካል የማንም መለማመጃ መሆን የለበትም። በቡድኑ ውስጥ የነበረችው ነርስ ግን በጣም ተጨነቀች። የመጣችው ለማከም ነው። መድኃኒትም ፈቃድም ከሌላት ምን ልትሠራ ነው?

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የታወቁ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ሲወጡ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሌሊት የጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሳቸዋል። «ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ስንላቸው የእነሱ ሁለት ሰዓት ይመስላቸዋል። ይህ ሁሉ በሁለት ሦስት ቀን ይለመዳል።

በመጀመሪያው ምሽት ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ እራት ላይ አወሯቸው። ወላይታ ተወልደው ያደጉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ስብከት አልሰበኩም፤ የአገራቸውን ታሪክ ነገሯቸው። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን እ.ኤ.አ. በ1927 በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ኢትዮጵያ ገባ። ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ ወላይታ ደረሰ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን አገሩን ያዘና ሚሲዮናውያኑ በ1937 ወላይታን ለቀው ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። እነዚያ ሰዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጦርነቱ አልፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነው።

ጋሼ ይህን ተናግረው ሲያበቁ እንዲህ አሏቸው፦ «ሥራው እናንተ ሳትመጡም ነበር፤ ስትሄዱም ይኖራል። እስከዚያው ቤታችን ናችሁ።» ተርጉሜ ስጨርስ ነርሷ ቀና ብላ አየቻቸው። ትከሻዋ ሲላላ አስታውሳለሁ።

በማግስቱ ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድን። ፒያሳን የሚያውቅ ያውቀዋል። ወርቅ ቤቶቹ ካሉበት መንገድ ትንሽ ገባ ሲሉ ሰፈሩ ይለወጣል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መተላለፊያዎች፣ ተደጋግፈው የቆሙ የቀበሌ ቤቶች፣ በር ላይ የተሰጣ በርበሬ፣ አንድ የጋራ ቧንቧ። የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች እዚያ ብዙ ወዳጅ ነበራቸው። ከወዳጆቻቸው አንዷ ሰፈሩ በሙሉ እማማ የሚላቸው አሮጊት ናቸው። እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የእኛ እናቶች ጴንጤ ናቸው። በእምነት ይለያያሉ፤ በዕድርና በቡና አንድ ናቸው። ሲታመሙ የሚያስታምሟቸው እነዚሁ እናቶች ነበሩ።

የእማማ ቤት አንድ ክፍል ናት። አንደኛው ግድግዳ ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ይታያል። ጣራው በዝናብ ጊዜ ስለሚያፈስ ከላይ ላስቲክ ለብሷል። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ዱካ። ከአልጋው በላይ በነጭ መጋረጃ የተሸፈነ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል። እማማ ወጣቶቹን ዱካው ላይ አስቀመጡና ነርሷን በእጇ ይዘው አልጋቸው ላይ፣ ከጎናቸው አስቀመጧት። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

ከቡድኑ አንድ ወጣት ነበር፤ ቅን ልጅ፣ ነገር ግን በጣም የቸኮለ። ገና ሳንረጋጋ «ስለ ኢየሱስ ሰምተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው» አለኝ። ጠየቅኳቸው። እማማ አልተቆጡም። ግራ የገባቸው ይመስል ልጁን አዩትና «የሐዋርያትን ጾም ይዤ የለም እንዴ ልጄ?» አሉ።

ለልጁ ማስረዳት ነበረብኝ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው ሰኞ የሚጀምር ጾም አለ። ሰዉ የሰኔ ጾም ይለዋል። ሐምሌ 5፣ በጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ይፈታል። የሚጾመው ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላ ወንጌል ለመስበክ ወደ ዓለም ከመውጣታቸው በፊት ስለጾሙ ነው። እኚህ አሮጊት፣ ቤታቸው የሚያፈስ፣ ቁርስ ያልቀመሱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይነኩ፣ የሚሲዮናውያንን ጾም እየጾሙ ነበር። ወጣቱ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ «ስንት ዓመት ጾሙት?» ብሎ ጠየቀ። እማማ «ከልጅነቴ ጀምሮ» አሉ።

ብስኩት ሰጣቸው። ወተት እንዳለበት ስነግራቸው አመስግነው ለጎረቤት ልጆች አስቀመጡት። ራሳቸው ሳይቀምሱ ለእኛ ሻይ አፈሉ፤ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡ። እንግዶቹ ለመብላት ተሳቀቁ። «ካልበላችሁ ይከፋቸዋል በያቸው» አለችኝ አብራን የመጣች የእኛ እናት ወደ እኔ ዞራ። በሉ።

ከዚያ እማማ ወደ ነርሷ ዞሩ።

«እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ማን ጋር ትተሻት መጣሽ?»

ነርሷ ለመመለስ ጊዜ ወሰደባት። እናቷ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ እንዳሉ፣ የማስታወስ ችሎታቸው እንደደከመ፣ አንዳንድ ቀን ልጃቸውን እንደማያውቋት ነገረቻቸው። እማማ አልፈረዱባትም። በእኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የሚያሳየውን ፊት አላሳዩም። «ክርስትና ስሟ ማነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ስሙ ለአፋቸው ከበዳቸው። ደጋግመው ሞክረው ያዙት። ተነሥተው የሥዕሉን መጋረጃ ገለጡና ስሙን ጠርተው ጸለዩ። ነርሷ አለቀሰች። ልታገለግላቸው የመጣች ሰው፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጣ፣ የነጠላቸውን ጫፍ በእጇ ይዛ አለቀሰች።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ ከረጢትም ኮሮጆም አትያዙ ይላቸዋል። በገቡበት ቤት እንዲቀመጡ፣ የቀረበላቸውን እንዲበሉ ያዛቸዋል። ይህን ክፍል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ የሚሰበከው ስለ መከሩ ብዛትና ስለ ሠራተኛው ማነስ ነው። ስለ ምሳው የሰበከ ሰው አላጋጠመኝም። ግን ጌታ ባዶ እጃቸውን የላካቸው ለዚህ ይመስለኛል፤ ባዶ እጁን የገባ ሰው ባለቤቱን ይፈልጋል። የእኛም አገር ታሪክ የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ከሳቴ ብርሃን አባ ሰላማ የምንለው ፍሬምናጦስ የጢሮስ ልጅ ነበር። አክሱም የገባው በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ሻንጣ ይዞ ሳይሆን በባሕር ዳርቻ ተማርኮ ነው። ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት በቤተ መንግሥት አገልግሏል፤ የሰው ቤት እንጀራ በልቷል።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። ከቡድኑ አንዱ መሐንዲስ ነበር። ቤቷን እንዳየ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ መለካት ጀመረ። ግድግዳው በብሎኬት እንዲሠራ፣ ወለሉ ሲሚንቶ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ገንዘቡንም ከአገሩ እንደሚያሰባስብ ነገረን። ልቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የቀበሌ ቤት እንደፈለጉ አፍርሰው የሚሠሩት አይደለም። ለእድሳትም የወረዳ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰኔ ደግሞ አይጠብቅም። እናቶቻችን የሰፈሩን ግንበኛ ጠሩት። ግንበኛው ግድግዳውን በጣቱ ኮረኮረ፣ ደረቁን ጭቃ አሽቶ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጭቃ ላይ ሲሚንቶ አይይዝም፣ በክረምት ተላቆ ይወድቃል አለ። መደረግ ያለበት እንደገና መምረግ ነው።

መሐንዲሱ የግንበኛው ረዳት ሆነ። ማንም አላዘዘውም፤ ራሱ ጠየቀ። አፈሩ ተበጥሮ በውኃ ይርሳል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በእግር ይረገጣል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማውን አውልቆ ገባበት። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይረግጥ ነበር። ግንበኛው ትከሻውን ይዞ አዘገየው፤ ተረከዝ መጀመሪያ፣ ከዚያ መዞር፣ ጭዱ ጭቃው ውስጥ እስኪጠፋ። ከዚያ ጭቃው ተሸፍኖ ለቀናት ይቀመጣል። ካልቦካ ይሰነጠቃል። በቀጠሮው ቀን ተመልሰው በእጃቸው እየጨበጡ ማገሩ መሐል አስገቡት፤ በመዳፋቸው እየደመደሙ አለሰለሱት። ግንበኛው ከፍ ያለውን፣ መሐንዲሱ ዝቅ ያለውን። ቋንቋ የላቸውም። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ብዙም አላስፈለግኳቸውም። የግንበኛው የቀን ሂሳብ በትክክል ተከፈለ፤ ይህን እናቶቻችን አጥብቀው ተከታተሉ። ማታ ጸሎት ላይ መሐንዲሱ ስለ ግንበኛው ልጆች ጸለየ፤ ትንሿ አስም እንዳለባት ሳይቀር። እኛ ሰፈሩን ለዓመታት እየተመላለስንበት ግንበኛው ስንት ልጅ እንዳለው አናውቅም ነበር።

ሁሉም ቡድን እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ የትምህርት ቤት አጥር ቀብቶ ይሄዳል፤ ቀለም ቀቢው ደግሞ ሥራ አጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል። አንዳንዱ ፒያሳ ላይ ከረሜላ ይበትንና ልጆቹ መኪና መንገድ ውስጥ ይጋፋሉ። ፎቶው ደግሞ አለ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ የሳቡ አባት ላይ ካሜራ ሲደገን አይቻለሁ። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሆነው አይደለም፤ አገራቸው ያለው ሰው «ምን ሠራችሁ?» ብሎ ስለሚጠይቃቸው ነው። ግን የእኛም እጅ አለበት። የተቀባይ አብያተ ክርስቲያናት ከሰፈሩ ሁሉ የከፋውን ቤት መርጠው ያሳያሉ፤ እርዳታው የሚመጣው በዚያ ነውና። ደሃ እናት ለእይታ የምትቀርብ አይደለችም። ቤቷ ከመግባታችን በፊት ትጠየቅ። እምቢ ካለች እምቢ አለች ነው።

ሰዎች «እንግዲያው ለሁለት ሳምንት መምጣት ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። ጥያቄውን አከብረዋለሁ። ከተማችን ውስጥ ትልቁ ምሳሌ የሐምሊኖች ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። በ1974 በወሊድ ለተጎዱ እናቶች የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ሬጅናልድ በ1993 አረፉ፤ ካትሪን በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው እዚሁ አዲስ አበባ ዐረፉ። ታክማ የዳነችው፣ ትምህርት ቤት ያልገባችው ማሚቱ ጋሼ እዚያው ቀርታ ቀዶ ሕክምና ተማረች፤ ኋላም ከሌላ አገር ለሚመጡ ሐኪሞች ሙያውን አሳየች። ሁሉም ሰው ዕድሜውን ይስጥ አልልም። ግን ጥሩ አጭር ጉዞ በር ይከፍታል፤ በሩ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚያደርገው መመላለስ ነው።

ነርሷ ተመለሰች። በመካከሉ ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዛ መጣችና ከቦሌ በቀጥታ ወደ ሆቴሏ ሳትገባ እማማ ቤት እንድወስዳት ለመነችኝ። እናቷ ሞተው ነበር። እማማ ገና ከበሩ ላይ «እናትሽስ?» አሏት። ነገረቻቸው። እማማ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ለጎረቤቶቻቸው ላኩባቸው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤቷ ሞላች፤ የተረፈው በር ላይ ቆመ። አንዷ ንፍሮ ቀቀለች። እያንዳንዱ እየመጣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል። እያስተረጎምኩ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት፣ አያስፈልግም ነበር። አገሯ ቀብሩ በአንድ ከሰዓት አልቆ ሰኞ ሥራ እንደገባች ኋላ ነገረችኝ። ለእናቷ በደንብ የተለቀሰላቸው ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ነው። ግንበኛውም መጥቶ ነበር። ስለ መሐንዲሱ ጤና ጠየቀ።

ዛሬ ዶሮ ማነቂያ የለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። እማማ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገቡ። ጣራው አያፈስም፤ ውኃ ቤታቸው ድረስ ይመጣል፤ ለዚህ ፈጣሪን ያመሰግናሉ። ግን ጎረቤቶቻቸው ተበትነዋል። የዕድራቸው ሰዎች ግማሹ ከከተማው ማዶ ነው። የእኛ እናቶች ሁለት ታክሲ ይዘው፣ በየወሩ ይሄዱላቸዋል። ነርሷ በቴሌግራም ትደውልላቸዋለች፤ ስልኩን የሚይዙላቸው የጎረቤት ልጆች ናቸው።

አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን ወደ ጎረቤት አገር ልትልክ እየተዘጋጀች ነው። ፓስፖርት እየወጣ ነው፤ ቲሸርት እየታተመ ነው፤ ለልጆች የሚወሰድ ልብስ ቢሮው ጥግ ተቆልሏል። ሥልጠናው ላይ እንድናገር ተጠይቄ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ፕሮግራም አይኑረው። ልጆቹ በሚቀበሏቸው ሰዎች ቤት ይደሩ፣ የቀረበውን ይብሉ፣ ውኃ ይቅዱ፣ ገበያ አብረው ይውጡ። ስብከቱም ሥራውም ከዚያ በኋላ ይድረስ። ከመሪዎቹ አንዱ ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት ሳምንት ሙሉ ሥራ መፍታት ለምእመናኑ እንዴት ይገለጻል አለ። ጋሼ፣ አሁን በከዘራ የሚሄዱት፣ ከእኔ ጋር ቆሙ። ኮሚቴው ሦስት ቀን ፈቀደ። እኔ ግን ሰባቱን ነው የምፈልገው። ሐሙስ ማታ እንደገና እንሰበሰባለን።